የቦዩን አፍ የዘጋው ድንጋይ

ደረቅ ቦይ ውስጥ ውሃ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ አለ። መጀመሪያ የተሰነጠቀው አፈር ሲጠጣው ሲር ሲር ይላል፣ ቀጥሎ ገለባውንና የደረቀውን ቅጠል እየገፋ ይንኮሻኮሻል፣ እንደ ውሃ መፍሰስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አምና ደብረ ብርሃን በተከራየሁበት ግቢ፣ አከራዬ ጎመናቸውን ሊያጠጡ የቧንቧውን ጎማ መሬት ላይ ለቀውት ኖሮ፣ ይህንኑ ድምፅ ስሰማ የማሰጣውን ልብስ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ብርዱ ጠፍቶኝ የሮቢት ሙቀት ፊቴ ላይ መጣ፣ አብሮትም አባቴ ሰው ይገድላል ወይም ሰው ይገድለዋል እያልኩ ስፈራ የከረምኩበት በጋ ተመልሶ መጣ።

ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ፣ የሮቢ ወንዝ በአፈር ቦይ ተጠልፎ ማሳ ለማሳ በሚዞርበት ሜዳ ላይ ነበር። ከጥር በኋላ ሙቀቱ ዶሮውን ሳይቀር ማንጎ ሥር አስተኝቶ ያውላል፣ ወንዙም ይከሳል፣ ያን ጊዜ ሽንኩርትና ማሾ የዘራ ሁሉ ዓይኑ ከቦዩ ላይ አይነሳም ነበር። ውሃው የሚዳረሰው በተራ ነው፤ ተራ የሚያወጣው፣ ያለ ተራው የከፈተውን የሚቀጣው፣ የተጣላውንም የሚያስታርቀው ሰው የውሃ አባት ይባላል፣ የዚያን ጊዜው የውሃ አባት የእኔ አባት ደምሴ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እጁን አውጥቶ የመረጠው አይዋሽም፣ አያዳላም ብሎ ነው፤ እውነትም ተራው ሳይደርስ ለራሱ ማሳ እንኳን ጠብታ አያስገባም ነበር።

ቤት ውስጥም ያው ነበር። ጾም አያጓድልም፣ ቅዳሴ አይቀርም፣ ማታ ራት ስንበላ ደግሞ ድንገት ቀና ይልና «ዛሬ ብትጠሩ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?» ይለን ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ ጉርሻችንን እንደያዝን እንተያያለን፣ እናታችን ዘነበች ግን «መጀመሪያ ይብሉ፣ በባዶ ሆዳቸው የት ይሄዳሉ» ብላ ታተርፈን ነበር። እናቴ ሳቅ የምትወድ ሴት ነበረች፣ የማትቀልድበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከአባቴ ጋር መቁረብ ትፈልግ ነበር። በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት አብረው ከቆረቡ መፋታት የለም፣ ወደ ኋላ ማለት የለም፣ ሰውም «ቆራቢ ሆኖ እንዲህ ያደርጋል?» እያለ ዕድሜ ልካቸውን ይመለከታቸዋል፣ ስለዚህ ብዙው ሰው እስኪያረጅ ድረስ ይሸሸዋል። አባቴም «ገና ነኝ፣ አልተዘጋጀሁም» እያለ ዓመት በዓመት ሲያሳልፋት ኖሮ፣ በዚያ ዓመት የጥምቀት ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ «ለፋሲካ እንቆርባለን» አላት። በማግሥቱ ሁለት ነጭ ልብስ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠች።

ጠቡ የመጣው ብዙም ሳይቆይ ነው። አንድ ማለዳ አባቴ ቦዩን ሊያይ ሲወርድ፣ የአንዱ ቅርንጫፍ አፍ ተከፍቶ ውሃው ወደ ጋሽ ሰይድ ሽንኩርት ሲገባ አገኘው፤ ተራው ደግሞ የጋሽ ሰይድ አልነበረም። ጋሽ ሰይድ ድንበርተኛችን ነው፣ ከአባቴ ጋር ከብት አብሮ ጠብቆ ያደገ፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ለእሱ ቤት ተብሎ የተገዛውን አውራ ዶሮ ቢላውን ይዞ መጥቶ እኛው ጓሮ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድ ሰው ነበር። ተጠርቶ መጣና ቦዩን አየ፣ አባቴን አየ፣ «ወላሂ፣ ደምሴ፣ እጄ አልነካውም» አለ። አባቴ የራሰውን መደብ በጣቱ አሳይቶ «ውሃ ብቻውን መንገድ አይለውጥም» አለው፣ ከዚያም ከወንዙ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አንከባሎ አምጥቶ የቅርንጫፉን አፍ ዘጋ፣ ዳር ዳሩን በጭቃ መረገና «እስከምፈታው ማንም እንዳይነካው» ብሎ ሄደ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሽንኩርት ራስ በሚይዝበት ጊዜ ውሃ ካጣ አለቀለት፤ የጋሽ ሰይድ ማሳ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ሲመጣ ከቤታችን በር ላይ ይታየን ነበር። ሚስቱ እትዬ ዘሃራ በአጥራችን ሥር ስታልፍ እናቴን ቀና ብላ አታያትም፣ እናቴም ቆማ እስክታልፍ ትጠብቅና «አይ መድኃኔ ዓለም» ብላ ትገባ ነበር። ትልቁ ልጃቸው እንድሪስ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ በቦዩ ዳር ሲመላለስ ይውላል፣ አባቴም ለሠርግ ካልሆነ የማያወጣውን ጠብመንጃውን ይዞ መውረድ ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጾም ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ከቦዩ ወዲህ፣ እንድሪስ ከቦዩ ወዲያ፣ ድንጋዩ መሐላቸው፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፣ ሰሐኑን አስቀምጬ ስመለስ ከኋላዬ ተኩስ የምሰማ እየመሰለኝ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር የምሄደው።

የሚገርመኝ፣ አባቴ በዚያው ጾም ለቁርባኑ ይዘጋጅ ነበር፣ ያውም በሙሉ ልቡ። ማለዳ ኪዳን ያደርሳል፣ ማታ ይሰግዳል፣ ከሰው ጋር ያለውን ቅያሜም አንድ በአንድ ያጠራል። ከወንድሙ ጋር በርስት ተኳርፈው ነበርና አጣዬ ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ ታረቀ፣ ከአንዲት የክርስትና ልጁ ሠርግ ቀርቶባት ነበርና እሷንም ይቅር አሰኛት። ከዚያ ተመልሶ ውሃ እየጠጣ «እንግዲህ በልቤ የያዝኩት ሰው የለም» ሲል፣ ጠብመንጃው ከጀርባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እናቴ ጠብመንጃውን አየች፣ እሱን አየች፣ ብርጭቆውን ተቀብላው ወጣች።

የተናገሩት የነፍስ አባታችን መምሬ ተክሌ ናቸው። በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን መጥተው፣ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠላ እየጠጡ «እንዴት ነው፣ ደምሴ፣ ሁሉም ጠራ?» አሉት።

«ጠርቷል፣ አባ። ሁሉንም ታርቄአለሁ።»

«ከሰይድስ ጋር?»

አባቴ ከልቡ ግራ ተጋባ። «እሱማ እስላም ነው፣ አባ። አንቱ የጠየቁኝ ለቁርባን አይደለም እንዴ?»

መምሬ ተክሌ ጣሳውን መሬት አስቀመጡ። «ውሃውን የዘጋኸው በሃይማኖቱ ላይ ነው በሽንኩርቱ ላይ?»

«ሰርቆ እኮ ነው።»

«ስትፈርድ አጣራህ?» አሉና ቀጠሉ፤ «መባህን ይዘህ መጥተህ የተቀየመህ ሰው ትዝ ቢልህ ትተኸው ሂድ ነው የተባለው፣ የማን ወገን እንደሆነ ጠይቅ አልተባለም። ካልሄድክ ፋሲካ ላይ እንዳላይህ።» ይህን ብለው ተነሡ፣ የቀረበላቸውን ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ፣ ቄስ ምሳ ትቶ ሲሄድ ያን ዕለት ነው ያየሁት።

የሕማማቱ ሳምንት እንዲያ ሆኖ ገባ። በዚያ ሳምንት መስቀል አይሳለሙም፣ ተጨባብጦ ሰላምታ የለም፣ እንኳን የተጣላ የተፋቀረም ተዘጋግቶ የሚሰነብት ነው የሚመስለው፣ የእኛ ቤት ግን የባሰ ዝም አለ። አባቴ እየሰገደ፣ ጉልበቱ እያበጠ፣ «ሌባ ልለምን?» ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ሰማሁት። እናቴም አንድ ጊዜ ብቻ መለሰችለት፤ «እኔ ብቻዬን አልቆርብም። አንተም ቂም ይዘህ ብትቀርብ አጠገብህ አልቆምም» አለችው። ሐሙስ ዕለት ነጮቹን ልብሶች ከሳጥን አውጥታ በእጇ ዳበሰቻቸው፣ ትንሽ ቆይታ መልሳ ቆለፈችባቸው። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፣ ልብሶቹ የሞተ ሰው ልብስ መስለውኝ።

ዓርብ ስቅለት ከጠዋት ጀምሮ ሚካኤል ግቢ ውስጥ ሰግደን፣ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ሕዝቡ ሁሉ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሳለ፣ አባቴ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረና በሰጋጁ መሐል እያቋረጠ ወጣ። ከስቅለት ስግደት መሐል ሰው ወጥቶ አይሄድም፤ ሴቶቹ አጉረመረሙ። እናቴ ጀርባዬን ገፋ አድርጋ «ተከተዪው» አለችኝ፣ ምን እንደፈራች ገብቶኛል፣ እኔም የፈራሁት ያንኑ ነበር።

ወደ ቤታችን አቅጣጫ ነበር የሄደው። በራችን ጋ ሲደርስ ቆምኩ፤ ጠብመንጃው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አባቴ ግን በሩን አልፎ ወረደ፣ ቦዩ ዳር ደርሶ ተንበረከከ፣ የደረቀውን ጭቃ በጣቱ ፈልፍሎ ድንጋዩን ነቀለው። ውሃው ገባ፤ ሲር ሲር አለ፣ ተንኮሻኮሸ፣ ፈሰሰ። አባቴ ጥቂት ማሳውን ሲመለከት ቆየና ድንጋዩን እያቃሰተ ትከሻው ላይ አወጣው። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አውቅ ነበር፣ ሲደረግ ግን አይቼ አላውቅም፣ ደግሞም የሚሸከሙት ለወጉ የሚሆን ትንሽ ድንጋይ ነው ሲሉ ነበር የሰማሁት።

መስጊዱ አስፋልቱ ዳር ነበር። ስንደርስ የጁምዓ ሰላት አልቆ ሰው እየወጣ ነው፣ አባቴ በሩ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ቆመ፣ ጉልበቱ አፈር፣ ግንባሩ አፈር፣ ላቡ በአፈሩ ላይ መንገድ አውጥቶ። የወጣው ሁሉ እየቆመ ዙሪያውን ሞላ። መጀመሪያ እንድሪስ ወጣ፣ ቀጥሎ ጋሽ ሰይድ።

«ሰይድ፣ ለይቅርታ ነው የመጣሁት» አለ አባቴ።

ጋሽ ሰይድ ጫማውን አጠለቀ። «ወላሂ ብዬህ ነበር፣ ደምሴ። አብረን አድገን መሐላዬን ናቅህ።»

«ናቅሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ማን እንደከፈተው አወቅህ?»

አወቅሁ በለው፣ አልኩ በልቤ። አንዲት ቃል ናት፣ ሁሉን ነገር የምትጨርስ። አባቴ ድንጋዩን ወደ ሌላው ትከሻው ገፋ አደረገና «አላወቅሁም። ዛሬም አላውቅም። ሳላውቅ ግን ሽንኩርትህን አደረቅሁ፣ ቃልህንም ጣልሁ። ይህን ይዤ መቁረብ አልችልም» አለ።

«ለካ ለራሱ ቁርባን ነው የመጣው» አለ እንድሪስ፣ ከሰዉም «እህ» የሚል ተሰማ፣ ክቡ ጠበበ። እኔ የአባቴን ነጠላ ጫፍ ያዝኩ።

«እውነቱን ነው» አለ አባቴ። «ከቤተ ክርስቲያን ስነሣ ለራሴ ብዬ ነበር። ድንጋዩን ሳነሳው ግን ማሳህን አየሁት።»

ጋሽ ሰይድ ድንጋዩን ትኩር ብሎ አየ። «ይኼ ከእኔ ቦይ አፍ ላይ ያለው ነው?»

«ያው ነው።»

«ታዲያ ውሃው አሁን ወዴት እየሄደ ነው?»

«ወደ አንተ ማሳ። የዛሬው ተራ የእኔ ነበር።»

ጋሽ ሰይድ ወደ ልጁ ዞረ። «እንድሪስ፣ ምን ትቆማለህ፣ ሂድ ውሃውን ምራ፣ መደቡን ሊያፈርስብን ነው» አለ። እንድሪስ ግራ ተጋብቶ ቆየ፣ ከዚያ ሮጠ። ጋሽ ሰይድም ቀርቦ ድንጋዩን ከአባቴ ትከሻ ላይ ተቀበለና መሬት አስቀመጠው። «አውፍ ብዬሃለሁ። አላህም አውፍ ይበልህ» አለ፣ አባቴም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው። ከሰዉ መሐል አንድ ሽማግሌ «አሁን ሰውዬውን ወደ ጸሎቱ ልቀቁት፣ ይመሽበታል» አሉ።

እናትና አባቴ ለትንሣኤ ቅዳሴ ቆረቡ። በነጋታው ጋሽ ሰይድ ቢላውን ይዞ መጣ፣ እንደ ቀድሞው ጓሯችን ውስጥ አውራ ዶሮውን አረደ፣ እንድሪስ ግን በዚያ ዓመት አልመጣም፣ እኛን ሰላም ለማለትም ጊዜ ወስዶበታል። የሽንኩርቱ ግማሽ ዳነ፣ ግማሹ አልዳነም። ቦዩን ማን እንደከፈተው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ የውሃ አባትነቱን ለሌላ ሰው አስረከበ፤ ያ በራት ሰዓት የሚጠይቀን ጥያቄም ከዚያ ወዲህ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ወባ ይዞት በሦስተኛው ቀን ሲሞት ለመናዘዝ የተጠሩት መምሬ ተክሌ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ወጡ፣ እናቴ ደንግጣ «ምነው፣ አባ?» ስትላቸው «የቀረው ነገር አልነበረም» አሏት። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እንድሪስ ነበር።

አሁን ቦዩ ሲሚንቶ ሆኗል፣ አፉም ባለ ቁልፍ ብረት ነው፣ ቁልፉ ኮሚቴው ዘንድ ይቀመጣል። እኔም ቆራቢ ነኝ፣ ነጭ ልብሴ አንድ ብቻ አይደለም፣ ስልኬ በስብከት የተሞላ ነው፤ ስለ መዘጋጀት የሰማሁትን ያህል አባቴ በዕድሜው አልሰማም። በዚያው ስልክ ውስጥ አይቼ የማልፈው የአንድ ሰው ስም አለ፣ ያ የጦርነት ክፉ ዓመት መጥቶ መንገዱ የተዘጋ ጊዜ፣ ቤታችንን ጠቁማለች የሚል የሰው ወሬ ሳላጣራ አምኜ የጠረጠርኳትና የራቅኋት፣ የእንድሪስ ሚስት።

በዚህ ጾም እናቴን ልጠይቅ ወርጄ ጋሽ ሰይድን ሰላም ልል ገባሁ። አርጅቷል፣ በረንዳው ዳር በኮዳ ውሃ እየቀዳ ለሰላት እግሩን ይታጠብ ነበር፣ የቆመበትም ያ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ መሐሉ ተልጎ እንደ ሰሐን ጎድጉዷል።

«አወቅሽው?» አለኝ።

«አወቅሁት፣ ጋሽ ሰይድ። አንቱ ዘንድ መኖሩን ግን አላወቅሁም።»

«የት ይሂድ። አባትሽ መስጊዱ በር ላይ ትቶት ሄደ፣ እኔ በአህያ አስመጣሁት።»

እሱ ወርዶ ሊሰግድ ሲገባ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩትና ላነሣው ሞከርኩ። አልተነቃነቀም። እንድሪስና ሚስቱ ከጓሮ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር፣ ሽንኩርት እየለቀሙ ነው። እጄን በነጠላዬ ጠረግሁና ወደ ጓሮው ዞርኩ።