ከጉልበት በታች የተሰቀለች መብራት

እኔን ብሎ የፖለቲካ እስረኛ! መንግሥት መለወጡን ዘይት ሲወደድ የማውቅ ሴትዮ፣ ሀ ሁ ያልቆጠርኩ፣ ምን አግብቶኝ ነው ከተማረ ሰው ጋር ዝንብ ልይዝ የወጣሁት? አርፌ ሰሊጤን አላበጥርም ነበር? ግን እኔ ነገር ሲያልፍ ካየሁ መከተል ነው። ሲይዙን እንኳ "ወዴት ነው የምንሄደው?" እያልኩ ፒካፑ ላይ የወጣሁት ማንም ሳይገፋኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ያለነው ከጎንደር ድንበሩን ተሻግሮ፣ ባሱንዳ ዳር ነው፣ ድንበሩ አፍንጫችን ሥር ነው። በጋው ሲከር ዋልካው ይሰነጠቃል፤ እግር የሚውጥ ስንጥቅ። ከዚያ ስንጥቅ ውስጥ የምትወጣ አንዲት ደቃቃ ዝንብ አለች፣ የአሸዋ ዝንብ ይሏታል። ካላዛርን ሰው ላይ የምትዘራው እሷ ናት። የተያዘ ሰው ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል። ዶክቶራ የምንላት ልጅ ከከተማ የመጣችው ለዚህች ዝንብ ነው። እኛማ ዶክቶራ ሲሏት ጊዜ ሐኪም መስላን ወገባችንንም ጉልበታችንንም ይዘን ተሰለፍን። "ይቅርታ፣ እኔ የዝንብ ነኝ" አለችን።

እናቷ በረሀቡ ጊዜ ከጎንደር ወርደው፣ ፋው የሚሉት እርሻ ጥጥ ሲለቅሙ ነው የወለዷት። አማርኛዋ ሸጋ ነው፤ ሲቸግራት ዓረብኛ ጣል ታደርግበታለች። እኔ በረቴ አጠገብ ላሎብ የሚሉት እሾሃማ ዛፍ አለኝ። "እማማ፣ እዚህ መብራት ልስቀል?" አለችኝ። "ስቀይ እንጂ፣ መብራት ማን ይጠላል!" አልኳት። መብራቷ እፍኝ ታህላለች። ከሥሯ ትንሽዬ ማራገቢያ አለች፣ ከዚያ በታች የወንፊት ከረጢት። ዝንቧ ብርሃን ብላ ስትመጣ ማራገቢያው ወደ ከረጢቱ ይስባታል። አንድ ቀን ከላሞቹ ዳር፣ አንድ ቀን ከላሞቹ ራቅ አድርጋ ትሰቅላታለች። የእኔ ሥራ ፍየል እንዳትበላት መጠበቅ ነው።

አንድ ጧት ከረጢቱን ልንፈታ ስንል ዓስከሪዎች፣ ወታደሮቹ፣ መጡ። አገሩ ጦርነት ላይ ነው፤ ድሮን የሚሉት ነገር መጥቶ ሰማዩን ሰው ሁሉ ይፈራዋል። አንዱ መንገደኛ ከድንበሩ ዳር መብራት አየሁ ብሎ ነግሯቸዋል። "ጀሱስ!" አሉን፤ ሰላይ ማለታቸው ነው። አንደኛው ዓስከሪ መብራቷን አነሳ፣ ሌላው እኛን ጫነ፣ ገዳሪፍ ከተማ ገባን።

የሴቶቹ ክፍል በፊት የእህል መጋዘን ኖሯል። ከግድግዳው ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐይ ስትበረታ ጧ ጧ ይላል። ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ከሁለት ጆንያና ከአንድ ጀሪካን በቀር ሌላ ነገር የለም። ውኃው የጀሪካኑን ላስቲክ ላስቲክ ይላል። እኔ በሩን አየሁ፣ እንዴት እንደሚከፈት። እሷ ግድግዳውን አየች።

"ምን ታያለሽ?"

"ስንጥቁን። እማማ፣ እዚህ ይኖራሉ።"

"ታሰርን እኮ ልጄ!"

"አውቃለሁ። ግን ይኖራሉ።"

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ሳቄ መጣ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ዝንቧ እውነትም መጣች። እጄ ላይ የሆነ ነገር ብን አለ፣ ልመታ ስል እጄን ያዘችኝ።

"አይምቱ እባክዎ፣ መጀመሪያ ይዩዋት! ስታርፍ ክንፏን ወደ ላይ ቀጥ ታደርጋለች። እንደ ሌላው ዝንብ አትበርም፣ ዘለል ዘለል ነው። ሲነፍስማ ጭራሽ አትነሳም። አዩዋት? አሁን እፍ ይበሉባት፣ እንዳትነክስዎ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ሲበላኝ ስመታ የኖርኩት ነገር ክንፍ እንዳለው ያን ዕለት አየሁ። የሰሊጥ ፍሬ ነው የምታህል፣ አመድማ፣ ጠጉራም። "ወንዱስ?" አልኳት። "ወንዱ አይነክስም፣ የአበባና የቅጠል ውኃ ነው የሚቀምስ" አለችኝ። "እንግዲያ ከዝንብ ነበር ባል ማግባት!" ብላት፣ ከተያዝን ወዲህ ገና ያን ጊዜ ሳቀች። በር ላይ የነበረችው ጠባቂ ሴትዮ "ሐቦባ፣ እስር ቤት መሆኑን ረሳሽው?" ብላ ጮኸችብን፤ ሐቦባ አያት ማለታቸው ነው።

ወሬያችን ያ ሆነ። ፉሉን ስንበላ፣ ፀጉሯን ስሠራላት፣ ሙቀቱ ሲያስተኛን። የሰው ሐኪም ልትሆን ነበር አሉ። መጀመሪያ ቀን ቁስል ሲያሳዩዋት ዘፍ ብላ ወደቀች። አስተማሪዋ ከወደቀችበት አንስቶ የዝንብ ክፍል ወሰዳት፣ እዚያው ቀረች። እናቷ እስካሁን አኩርፈዋል። ሰው ሲጠይቃቸው "ልጄ ዶክቶራ ናት" ይሉና ዝም ይላሉ፣ የምኗን አይናገሩም።

"የሰው ደም አልችልም እማማ። የራሴ ግን ግድ የለኝም" አለችኝ፤ ክንዷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ነቁጥ በነቁጥ ነው። እዚያ ቤተ ሙከራቸው ዝንብ በሳጥን ያረባሉ። እንቁላል እንድትጥል ደም ትፈልጋለች። ይቺ ልጅ ክንዷን ሳጥኑ ውስጥ ታስገባና ታበላቸዋለች!

"በሽታውስ?"

"እነዚያ እዚያው የተፈለፈሉ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው። የሜዳዋን ግን አላበላም፣ አላበድኩም።"

"አላበድኩም ትለኛለች ደግሞ!" አልኩ። ግን ክንዷን ይዤ ቆየሁ። እኔ ጡት ያጠባኋቸውን ልጆች ሲነክሱኝ እቆነጥጥ ነበር።

መብራት ለምን አንዴ ከላሞች ዳር፣ አንዴ ራቅ እንደምታደርግ ጠየቅኳት። ከብት ቤት አጠገብ ሲታሰር ዝንቧ ወደ ከብቱ ሄዳ ሰውን ትተዋለች? ወይስ የከብቱ ጠረን ጭራሽ ወደ ሰው ቤት ይጠራታል? ይኼን ነው የምትፈልገው።

"እና የቱ ነው?"

"አላውቅም።"

"ይኼን ያህል ተምረሽ?"

"ስለማላውቅ ነው የመጣሁት።"

እኔ የተማረ ሰው ብዙ አይቻለሁ። የእርሻው ባለሙያ፣ የስደተኛ ካምፑ ኃላፊ፣ አላውቅም ሲል የሰማሁት ግን የለም። እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትለው። ደስ አለኝ፣ ምን እንደሆነም አላውቅ፣ ደስ አለኝ።

በኋላ የእስር ቤቱ ሹም ብቻዬን ጠራኝ። ደከም ያለ ሰው ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። እኔ ዓረብኛዬ የገበያ ዓረብኛ ነው፣ ግን ለመከራከር አያንስም።

"ሐቦባ፣ አንች ምንም አታውቂም፣ ገብቶኛል። 'አውሮፕላን ትጠራ ነበር' በይ። ኻላስ፣ በቃ፣ ዛሬውኑ ቤትሽ ነሽ።"

"እሷስ?"

"እሷ ወደ ትልቁ እስር ቤት ትሄዳለች።"

ከዚያ ቤት የተመለሰ ሰው አላውቅም። እሱም ያውቃል፣ ጠረጴዛውን ነው የሚያየው።

"ልጄ፣ ዝንብ ነው የምትጠራ" አልኩት።

"መማር የጀመረ ሕፃን እንኳ ይኼን አያምንም! ለዝንብ ብሎ ከከተማ ድንበር የሚመጣ ማነው?"

"እኔም አላመንኩም ነበር። አንተ ግን መብራቷ እጅህ ላይ ናት። እዚሁ ግቢ ስቀላት። አውሮፕላን ከመጣ እኔን ስቀል። ዝንብ ከመጣ ልጂቱን ልቀቅ።"

አየኝና ሳቀ። ዶክቶራን አስጠራት። "ዝንብ ይያዛል እዚህ?" አላት። እኔ በዓይኔ በይ! በይ! እላታለሁ።

"ሊያዝም ላይያዝም ይችላል" አለች። "ነፋስ ካለ አይያዝም። ግድግዳው የተሰነጠቀ ስለሆነ ተስፋ አለ። ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።"

ክፍላችን ስንመለስ ጮህኩባት። "ነፍስሽን ለማዳን 'ይያዛል' ማለት ያቅትሻል?"

"ባይያዝስ እማማ? ያን ጊዜ ሌላው የተናገርኩትም ውሸት ይመስላል።"

በማግስቱ ጧት ከረጢቷን አመጡ። ሹሙ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋት። የእሳት ራት ብቻ! ቡናማ የእሳት ራት፣ አንድ ሁለት ጢንዚዛ። ዶክቶራ ጎንበስ ብላ በጣቷ እየበተነች አየች፣ አየች፣ ቀና አለች። ፊቷ ነጣ።

"አንድም የለም" አለች ራሷ። እኔ ብሆን አንዱን ጢንዚዛ "ይቺ ናት" እል ነበር።

ሹሙ መኪና ይዘጋጅ አለ። መሬት ቁጭ አልኩ። ቁጭ ብዬ በመስኮት ወደ ግቢው ሳይ ባንዲራው እንጨት ላይ ገመድ ተንጠልጥሏል።

"የት ነው የሰቀላችኋት?"

"ባንዲራው ጫፍ ላይ ነዋ" አለ ዓስከሪው፣ ያው እኛን ሲይዝ መብራቷን ያነሳው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ከፍ ሲል ብዙ እንዲይዝላችሁ ብዬ ነው፣ ወላሂ" አለ።

ሊረዳን አስቦ! እኔ ሳቅ ያዘኝ፤ እንባዬ እስኪወርድ። ሹሙ ያበድኩ መሰለው። ዶክቶራ "ዘለል ዘለል ነው የምትለው፣ እዚያ ድረስ አትወጣም፤ በቁመቱ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም" ማለት ጀመረች። አፏን በእጄ ከደንኳት።

"ቆይ አንች!" አልኳትና ወደ ሹሙ ዞርኩ። "ልጄ፣ ይኼን ዓስከሪህን ጠይቀው። የእኔ ቤት ስትመጡ መብራቷን ከየት አነሳሃት በለው። ዛፍ ላይ ወጣህ?"

ዓስከሪው ሹሙን አየ፣ እኔን አየ። "አይ፣ ጎንበስ ብዬ ነው ያነሳሁት፣ ጌታዬ። ከጉልበቴ በታች ነበረች።"

"ይኸው!" አልኩ። "አውሮፕላን የሚጠራ ሰው እንደ እናንተ ባንዲራ ጫፍ ላይ ይሰቅላል። ፍየል የምትልሰው ቦታ ሰቅሎ አውሮፕላን የሚጠራ ጀሱስ የት አገር አለ?"

ሹሙ ፊቱን አሻሸ፣ አሻሸና ሾፌሩን "ቆይ" አለው። "አንድ ሌሊት ብቻ" አለን።

ያን ሌሊት እኔ ስጸልይ እሷ ነፋሱን ታዳምጣለች። ቆርቆሮው አልተንቀሳቀሰም።

ጧት ከረጢቷን ይዞ የመጣው ሹሙ ራሱ ነው። ከበሩ ላይ ቆሞ ለፀሐይ ከፍ አደረጋት። ከታች በኩል አመድ የተቀመጠ ይመስላል። አመዱ ይዘላል። ክንፏን ቀጥ አድርጋ፣ ዘለል ዘለል። መብራቷን የሰቀሏት የሹሙ አልጋ ያለበት ግድግዳ ሥር ነው።

"ይኼ ሁሉ እኔ ከምተኛበት?"

"አዎ" አለችው። "አልጋህን ከስንጥቁ አርቀው። አጎበር ውስጥ ተኛ፣ ቀዳዳው ደቀቅ ያለውን፤ በሰፊው ያልፋሉ። ትኩሳት ይዞህ አልለቅ ካለ፣ ወባ ነው ብለህ ዝም አትበል።"

እንደ እናት ነው የነገረችው፣ ሊያጠፋት ለነበረ ሰው። እሱም እንደ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። "ሂዱ" አለን፣ በሩ ተከፈተ። እኔ ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ዞር ብል የለችም።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ዝንብ ትቆጥራለች!

"ነይ ውጭ አንች ልጅ፣ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል!"

"እማማ፣ አንዴ ይቆዩኝ። ካልተቆጠረ ሥራ አይሆንም።" ወንዱን ወዲህ፣ ሴቷን ወዲያ። ሹሙ ቆሞ አየ፣ ገባና ወንበር አምጥቶ ሰጣት። ስትጨርስ የትናንቱንም አብራ ቃሏን ሰጠች፤ ባንዲራው ጫፍ ላይ ምንም አልተያዘም ብላ። ሊያስበላት የነበረውን! "እሱም እኮ እውነት ነው" አለችኝ። ከዚያ ከረጢቷን ራሷ ይዛ፣ ለማንም ሳታሸክም፣ በበሩ መሐል ወጣች።

አሁንም በጋ ሲመጣ ትመጣለች። የላሞቹን ነገር እንደሁ "ገና ነው" ትለኛለች። እኔ አጎበር ውስጥ ሆኜ ያቺን መብራት አያለሁ። ወንዱ እንደማይነክስ አውቄ ነው የምሞተው፤ የእናቴ እናት ይኼን ሳታውቅ ነው የሞተች። ልጂቱ አጠገቤ ስትቀመጥ፣ እነዚያ ዝም ያሉት እናቷ ባዩዋት ብዬ እመኛለሁ። አግኝቻቸው የምኗ ዶክቶራ እንደሆነች ብነግራቸው ደስ ይለኛል፤ እኔ እንደሁ አላፍርበትም።

ይኼን ሁሉ አንድ ቀን ለጎረቤቴ አወራሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ለቅማ የጨረሰችውን ምስር ወደ ጎን አደረገችና፣ "ምን ያስለፈልፍሻል?" አለችኝ። "እኔ ብሆን 'አዎ፣ ሰላይ ናት' ብዬ ለምሳ ቤቴ እደርስ ነበር።"