ጽድ ላይ የታሰረችው ድንቢጥ

ዳንግላ እንግሊዝኛ በማስተምርበት ጊዜ፣ ሚሌኒየሙ ከተከበረ አምስት ስድስት ዓመት አልፎ፣ አንዲት አየርላንዳዊት ለአንድ ዓመት ትምህርት ቤታችን ተመደቡ። ስድሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው። በታኅሣሥ ውርጭ እኛ ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ እሳቸው በስስ ሹራብ ይመጣሉ። የእንግሊዝኛ ክበቡን የምንመራው እኔና አንድ ባልደረባዬ ነበርን። ለገና ዝግጅት ስናስብ ባልደረባዬ፣ «ለምን የአገራቸውን ባህል አናሳይም?» አለ። ሐሳቡን ወደድኩት።

ባልደረባዬ ሌላ ክፍል እያስተማረ ሳለ ሴትዮዋ ለክበቡ ተማሪዎች ተናገሩ፤ እኔ አስተረጎምኩ። በአገራቸው ገና የሚውለው ብርዱ በበረታበት፣ ቀኑ ከማጠሩ የተነሳ ወዲያው በሚመሽበት ወቅት ነው። ማግስቱ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዕለት ነው። ቅዱሱ ከአሳዳጆቹ ተሸሽጎ ሳለ አንዲት ትንሽ ወፍ ጮኻ አጋለጠችው ይባላል። ስለዚህ በድሮ ጊዜ በዚያ ዕለት ሰዎች ፊታቸውን በገለባ ሸፍነው፣ ቁጥቋጦውን በዱላ እየደበደቡ ወፏን ይገድላሉ። ከዚያ ቅርንጫፍ ላይ አስረው በየደጁ እየዘፈኑ ለቀብሯ ሳንቲም ይለምናሉ። «ድንቢጥ ታክላለች» ብዬ ተረጎምኩ። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ።

ሳቁ ሳይበርድ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን የሚገድል የለም፤ ከጨርቅ ነው የሚሠራው። ይህን በደንብ ንገራቸው» አሉኝ።

አልነገርኳቸውም። ሳቁን ያመጣሁት እኔ ስለመሰለኝ ጨዋታው እንዳይቀዘቅዝብኝ ፈለግኩ። ይባስ ብዬ ያን ዕለት ማታ የዘፈኑን ግጥም በአማርኛ ጻፍኩላቸው።

የዝግጅቱ ዕለት የገለባውን ጭምብል ላወጣ የክበቡን ቁም ሳጥን ስከፍት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። በፌስታል ውስጥ አንዲት ድንቢጥ ነበረች። ሆዷ አብጧል፤ ዓይኖቿን ጉንዳን ወሯቸዋል።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኩት ባልደረባዬን።

«ድንቢጧ ናታ። ከትናንት ወዲያ ራሴ በወንጭፍ መታኋት። ሌላ ምን ልናስር ኖሯል?»

ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር። ጭምብሎቹን ማውጣት ቀጠልኩ። እሱ እግሯን በቀይ ክር ከጽድ ቅርንጫፍ ጋር አሰረ፤ እጁን በሱሪው ጠረገና ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ እየቃመ ለእኔም ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም።

ተማሪዎቹ ጭምብላቸውን አጥልቀው፣ ቅርንጫፉን ከፍ አድርገው እየዘፈኑ ወጡ። ድንቢጧ ተዘቅዝቃ ትወዛወዛለች። ከምንቃሯ የሚወርደው ጠቆር ያለ ፈሳሽ በተሸካሚዋ ልጅ ትከሻ ላይ ጠብ ይላል። ፊት ረድፍ የተቀመጡት አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ። ርእሰ መምህሩ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ ያጨበጭባል። በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ፣ «በጾም በክት ይዞ መዝፈን ምን የሚሉት ነው?» ብለው ጀርባቸውን ሰጡ። እኔ በራሴ ግጥም ሲጨፈር ቆሜ አያለሁ።

ሴትዮዋ ከወንበራቸው ተነሱ። በዘፋኞቹ መሐል አልፈው ክሩን ሊፈቱ ሞከሩ፤ እምቢ ሲላቸው ቅርንጫፉን ሰበሩት። ድንቢጧን በአንገት ልብሳቸው ጠቅልለው ሲወጡ ዘፈኑ ተቋረጠ። ተከተልኳቸው። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ተንበርክከው መሬቱን በእንጨት ይጭሩ ነበር።

«ነግረሃቸው ነበር?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

ከወፏ ሽታ ይልቅ የቀፈፈኝ ይህ ቃሌ ነው። ሁለት ቀን ሴትዮዋን እየሸሸሁ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወደ ተከራዩት ቤት ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ።

«እኔም በልጅነቴ ቅርንጫፉን ይዤ ዞሬያለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «የሚገድልልን አባቴ ነበር። እጄ ስለሸተተኝ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በዓመቱ ግን ቅርንጫፉን እኔ ካልያዝኩ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ከበዓሉ መልስ ርእሰ መምህሩ ዝግጅቱ ለወረዳ እንግዶች ይደገም አለ፤ ባልደረባዬም «ሌላ እመታለሁ» አለ። እኔ ግን ክበቡን ሰብስቤ ሳልተረጉምላቸው የዘለልኩትን ነገርኳቸው። ቅርንጫፉን የተሸከመችው ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እሳቸው ታዲያ ያን ቀን እኛን አውሬ አድርገው ነው ያዩን?»

«ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አሁን ያውቃሉ» አልኳት።

«ያን ቀንስ?»

ልጅቷ ደብተሯን አንስታ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ዝግጅቱን የሚደግም ሰው ጠፋ፤ እኔም በዚያው ሳምንት ክበቡን አስረከብኩ።