ከታንጉት እግር ሥር ያወጣሁት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ። ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ በጾም የቀመስኩትን ሁሉ እዘረግፋለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እሳቸው «ሌላስ የለም ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላለሁ። በኃጢአቴ ላይ ውሸት እየጨመርኩ ይኸው ጸጉሬ ነጣ። እናንተ አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም። ለእናንተ ልናገር።

የታንጉትን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ። እኔ ደብሬ። ከእግሯም በኋላ ሌላ ነገር ሰብሬያለሁ፤ እሱ ይብሳል።

ታንጉትና እኔ ወረታ ላይ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ነው ያደግነው። የእኔ አባት ገበሬ ነበር። የእሷ አባት የኔታ ጥበቡ የሚባሉ መሪጌታ ናቸው፤ ወደ ርብ በሚወስደው መንገድ ባለች ደብር ያገለግላሉ። ብራና ይፍቃሉ፣ ቆዳ ያለፋሉ፣ የተገነጠለ መጽሐፍ ይጠርዛሉ። ከይፋግም ከአንበሳሜም ካህናት የተጎዳ ዳዊት ይዘው ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር። የኔታ የጠረዙት መጽሐፍ ከልጅ ልጅ ቢደርስ አይፈታም ይባልላቸዋል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቀበሌው ልጃገረዶችን ለኪነት ቡድን ሲሰበስብ የኔታ «ተዉልኝ፤ የካህን ልጅ ናት» ብለው ለመኑ። ሊቀመንበሩ «ታዲያ የካህን ልጅ አብዮቱን ትጠላለች ማለት ነው?» አላቸው። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው ቤቱ አያድርም። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ታንጉት እንዲህ ኪነት ገባች። ግን እግዜር ይወቅ፣ እሷ ስትጨፍር እኛ ሌሎቻችን እንጨት ነበርን። ስትዘል ቶሎ የምትወርድ አትመስልም ነበር።

ችግሯ እግሯ ነው። መሬት ላይ በባዶ እግሯ ስትጨፍር ምንም አትልም። መድረኩ ግን ሳንቃ ሆነ፤ ለሁላችንም ሸራ ጫማ ታደለን፣ ሥሩ እንደ ሰሌዳ ዝርግ የሆነ። ልምምድ በዋልን ቁጥር የታንጉት ግራ ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ እየዘመመ ያብጥ ጀመር። የኔታ ጭፈራውን አይወዱም። የልጃቸውን እግር አብጦ ማየት ግን አልቻሉም።

አንድ ቀን ሁለታችንንም ጠሩን። እግራችንን በውኃ አስነክረው ደረቅ ሳንቃ ላይ አስረገጡን። የእኔ እግር መኻሉ ላይ ክፍተት ትቶ ታተመ። የታንጉት እግር ምንም ክፍተት የለውም፤ እንዳለ ሙሉውን ታተመ። የኔታ ጎንበስ ብለው እያዩ «አየሽ፣ የደብሬ እግር ድልድይ አለው። ያንቺን እግዜር ሜዳ አድርጎ ፈጠረው። ድልድዩን እኛ እንሥራለት» አሏት።

ከጫማዋ ውስጥ የሚነጠፍ ቆዳ ይቆርጡላት ጀመር። መጀመሪያ የበሬ ቆዳ ሞከሩ፤ ደረቀና ውስጥ እግሯን ላጠው። ቀጥሎ የበግ ለምድ ሞከሩ፤ ሲረግጡት ይደላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ጠፍጥፎ እንዳልነበረ ሆነ። «የሚደላ ሁሉ አይደግፍም» አሉ። በመጨረሻ ለዳዊት ሽፋን ካለፉት የፍየል ቆዳ የተረፈውን አወጡ። ደርበው በእግሯ ልክ ቆረጡት፤ በሁለቱ መኻል፣ ክፍተቱ ሊኖር በሚገባበት ቦታ፣ የበግ ጠጉር ጠቀጠቁበት። ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለውን የለኩት በእኔ እግር ነው። ሲሰፉ እግሬን እየዘረጋሁ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። በጅማት ሰፍተው ሲጨርሱ ታንጉት ጫማዋን አጠለቀች፤ ቆመች፤ ዞረች፤ ከዚያ አባቷ ፊት መሆኗን ረስታ ዘለለች። የኔታ ፊታቸውን አዞሩ። ፈገግታቸውን ለመደበቅ መሆኑን ሁለታችንም አይተናል።

ያን ንጣፍ ነው ያፈረስኩት።

ለምን? ምክንያት የሚመስል ነገር ነበረኝ። ለአብዮት በዓል የክፍለ ሀገሩ ኪነት ሰዎች ከጎንደር መጥተው አንዲት ልጅ መርጠው ሊወስዱ ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን አባቴ አንበሳሜ ላለ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው እኔን ለመስጠት ቃል አስሮ ነበር። ሰውየው ከአባቴ ይበልጥ ያረጀ ነው። ጎንደር ከተመረጥኩ አመልጣለሁ፤ ታንጉት ካለች አልመረጥም። ሐሳቤ ይኸው ነበር። ታዲያ ይህ ምክንያት ነው? ታንጉትን አልቅሼ ብለምናት «አንቺ ሂጂ» ትለኝ ነበር። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ለምን አልለመንኳትም? እሷ የተወችልኝን ከምወስድ እኔ በልጬ መውሰድን ስለመረጥኩ ነው። ከዚህ ሌላ መልስ የለኝም።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ጓሮ ባለች ክፍል እንለብስ ነበር። ታንጉት ሹሩባዋን ልታስይዝ ወጣች። ጫማዋ እፊቴ ነው። የሹሩባ ወስፌ በእጄ ነበር። ንጣፉን ከግራው ጫማ መዝዤ ስፌቱን በወስፌው ተረተርኩት። ጠጉሩን ጎትቼ አወጣሁና ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። ባዶውን ቆዳ መልሼ ከተትኩት። ከላይ ሲያዩት ያው ነው። እግሯ ይደክማታል፣ ዝላይዋ ያጥራል፣ ከዚያ የሚያልፍ አይመስለኝም ነበር። ይህን የምለው እንድትራሩልኝ አይደለም። ያላሰብኩትም የእኔ ነው።

ስትጀምር ምንም አልሆነችም። እንዲያውም እንደዚያ ቀን ጨፍራ አታውቅም። እኔ ከጀርባዋ እያጨበጨብኩ፣ ምንም አልሠራም ማለት ነው ብዬ ተናድጄ ነበር። ተናድጄ! ከዚያ ዞራ ዘለለች። ስታርፍ ቆዳው ከእግሯ ሥር ተጣጠፈ፤ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ከሳንቃው ጠርዝ ላይ ወደ ታች ወደቀች። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ከበሮ መቺው አላየም ነበርና ይመታል። ሕዝቡም የጭፈራው ዓይነት መስሎት ያጨበጭባል። እኔ እጆቼ ተዘርግተው ቀሩ። እግሯ ወደማይዞርበት ዞሮ አየሁት። አጥንቱ ነጥቶ ወጥቷል። ከዚያ ሁሉ ሰው መኻል ዓይኗ የፈለገው እኔን ነው። «ደብሬ፣ ያዢኝ!» አለች። ያዝኳት። እቅፌ ውስጥ አድርጌ ያዝኳት፤ ጠጉሩ ከቀሚሴ ሥር ደረቴን እየበላኝ።

ወጌሻ አሰረላት። ሲፈታ ጠሞ ተገኘ።

እኔ ተመረጥኩ።

ወደ ጎንደር ልሄድ ስል ልሰናበት ቤታቸው ገባሁ። ያየሁትን ዛሬም ሳስበው እደነግጣለሁ። ታንጉት መደብ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። የኔታ፣ ሰው ሁሉ ተንበርክኮ መስቀላቸውን የሚሳለማቸው የኔታ፣ መሬት ላይ ተደፍተው የታንጉትን እግር ይስማሉ። «ይቅር በዪኝ ልጄ። የሰበርኩሽ እኔ ነኝ። ለዳዊት የለፋውን ቆዳ ለዘፈን እግር አነጠፍኩት። እግዜር በልጄ ቀጣኝ» ይላሉ። ታንጉት «ኧረ አባዬ ይነሡ! ኧረ በማርያም ይነሡ!» እያለች ታለቅሳለች።

ቀና ብለው አዩኝ። የተተረተረው ንጣፍ በእጃቸው ነበር።

«ደብሬ ልጄ፣ ስሰፋ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። ጠጉሩ የፈሰሰው ስፌቱን አላጠበቅኩት ይሆን? እጄም ከድቶኝ ይሆን?»

ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። «አይደለም» ብል፣ ሌላ ምንም ሳልጨምር «አይደለም» ብቻ ብል፣ ያን ሽማግሌ ከመሬት አነሣቸው ነበር። እኔ ግን አፌን ከፍቼ «ላልቶ ይሆናል የኔታ» አልኳቸው።

እንዲህ አልኳቸው። ከእኔ አፍ ወጣ። ድምፄን ስሰማ የሌላ ሰው መሰለኝ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ባረኩኝ። በመንገድሽ እግርሽን እንቅፋት አይንካው ብለው ባረኩኝ።

ከዚያ በኋላ ወስፌ አልነኩም። መጽሐፍ ይዘው የመጡትን ካህናት «እጄ ረክሷል» እያሉ መለሷቸው። ገና ዓመቱ ሳይዞር ቤታቸውን ትተው ጣና ላይ ወዳለ ገዳም በታንኳ ተሻገሩ። እዚያው አረፉ። መርዶው ጎንደር ሲደርሰኝ ለመድረክ እየተኳልኩ ነበር። ወጥቼ ጨፈርኩ። ይህንንም አልደብቅም።

አንበሳሜ ያለውን ሰውዬ አላገባሁም። ደርግ ሲወድቅ ኪነቱ ተበተነና ወረታ ተመለስኩ፤ የወደድኩትን አግብቼ ወለድኩ። ታንጉት እናቷን ጦራ ቀብራ፣ ይፋግ ገበያ ሩዝና ምስር እየቸረቸረች ትኖራለች። እያነከሰች ስትመጣ ያየ መንገደኛ «ጓያ ነው የሰበረሽ?» ይላታል፤ እኛ አገር የሚያነክስን ሁሉ ጓያ በልቶ ነው ይሉታል። እሷም «የለም፣ ጭፈራ ነው» ብላ ትስቃለች። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣችው እሷ ናት። አበልጄ ናት። እሷን መረጥኩ፤ ለምን እንደመረጥኳት ራሴን ስጠይቅ ይጨንቀኛል። መካሴ ነበር? ወይስ እንዳትጠረጥረኝ?

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ቤቴ መጥታ አደረች። ጠዋት ፀሐይ እየሞቅን፣ ከዚህ በፊት ብላኝ የማታውቀውን አለችኝ። «እግሬን ረስቼዋለሁ ደብሬ። አባዬን ግን አልረሳሁላቸውም። ስፌት ላላ ተብሎ ልጅ ይጣላል? አንድ ቀን ይቅር አልኳቸው፣ በማግስቱ ደግሞ እጠላቸዋለሁ። የሞተ ሰው መጥላት ያደክማል።»

እሷ እስከ ዛሬ የምትጠላው አባቷን ነው! እኔ በደሌ እግሯ ላይ ብቻ የቆመ መስሎኝ ኖርኩ። አባቷን ከቤቷ ያስወጣሁ እኔ፣ ከልቧም ያስወጣሁ እኔ፤ እሷ ደግሞ የልቧን ልትነግረኝ ወደ እኔ ትመጣለች። እኔ ያን ጠዋት ምን አልኳት? «ተይው፣ ያለፈ ነው» አልኳት። ጀርባዋን ዳበስኩላት።

ወጣት ነበርኩ አልልም። አባቴ ሊድረኝ ነበር አልልም። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም፤ ዘመኑ ወስፌ አላስያዘኝም። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ታንጉት ማንበብ ትችላለች፤ የኔታ ናቸው ያስተማሯት። ይህን የጻፍኩት ለእሷ እንዲደርስ ነው፤ ፊቷን እያየሁ ለመናገር ዛሬም ፈሪ ነኝ። ታንጉት ሆይ፣ ይቅር በዪኝ አልልሽም። ባትዪኝ እውነትሽን ነው። ልጄንም የክርስትና ልጄ አይደለም ብትዪው አልፈርድብሽም። አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ፤ ይህን ካወቅሽ እኔን እንደፈለግሽ አድርጊኝ።

አባትሽ አልበደሉሽም።