ጓጉንቸሩን ሳልይዝ የገዛሁት ራም

መርካቶ ውስጥ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ሱቄ ሱቅ ከተባለ ነው፤ በሁለት ሱቆች መሃል የተረፈች ቀዳዳ ነበረች፣ ቆርቆሮ አልብሼ በር ሠራሁላት። እኔ ከፊት ለፊት ብረት አጥብቆ ከሚይዝልኝ ሞርሳዬና ከሞረዴ ጋር እቀመጣለሁ። ልጄ ከኋላዬ በኮምፒውተር ጥልፍ ትነድፋለች። የሸማ ተራ ልብስ ሰፊዎች ንድፉን ከሷ ወስደው የጥልፍ ማሽናቸው ላይ ይጭኑታል። እሷ የሳለችው አበባና ሐረግ ስንት ቀሚስ ላይ እንዳለ እሷም አታውቀውም።

በሥራዬ አንድ ደንብ አለኝ። መክፈቻ ብቻ ይዞ ለመጣ ሰው አልቀርጽም። ጓጉንቸሩን ያምጣ። በር ላይ የተገጠመም ከሆነ ፈትቶ ያምጣ። መክፈቻን ከመክፈቻ የቀዳ ሰው የበፊቱን ጉድለት ነው የሚቀዳው፤ በዚያ ላይ በሩ ተቀይሮ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሰው ይቆጣል፣ ይሰድበኛል፣ ሌላ ጋ ይሄዳል። ይሂድ።

አምና ፋሲካ ሲቃረብ መብራት ጠፍቶ በኃይል ተመለሰና የልጄን ኮምፒውተር አቃጠለው። ያየው ባለሙያ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ቦርድ ሞቷል አለ። አዲስ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። ልጄ ራሴ እገጥመዋለሁ ብላ ተነሳች። ከዚያ በፊት ገጥማ አታውቅም። ቦርዱን ከአንዱ፣ ኬዝ የሚሉትን ቀፎ ከሌላው፣ ያገለገለ ያገለገለውን እየፈለገች ሰበሰበች። ስልኳ ላይ እያየች ብሎን ስታጠብቅ ከኋላዬ እሰማት ነበር። የቀረው ራም ነው። ራም ስንዝር የማትሞላ ቀጭን ዝርግ ነገር ናት፤ ማሽኑ የያዘውን ሥራ የሚያስበው እሷ ላይ ነው አሉ። ያለሷ አይነሳም።

መሳለሚያ ትልቅ የጥልፍ ቤት ያለው ሰው ልጄን እንድትሠራለት ደጋግሞ ጠይቋት ነበር። ሰኞ ግቢ፣ ማሽን አለ፣ ደሞዝ አለ ይላታል። እሷም እስከ ቅዳሜ ማታ ኮምፒውተሬ ካልተነሳ እመጣለሁ ብላዋለች። ይህን የነገረችኝ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው።

"እንደፈለግሽ" አልኳት።

እንድትሄድ አልፈለግሁም። ግን አትሂጂብኝ ብዬ መለመን አልችልበትም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይነሳ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሸማ ተራ ሄዳ ደንበኞቿን ትንሽ ቀን ልትለምን ተነሳች።

"ስመለስ ራሙን አብረን እንገዛለን። አንተ እንዳትሄድ፣ አባዬ።"

"ለምን አልሄድም?"

"አታውቀውማ።"

መርካቶ ውስጥ ዕቃ ስገዛ ነው ያረጀሁት። ገና ከማዕዘኑ ዞር ሳትል ከሞተው ኮምፒውተር ራሙን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ።

የኮምፒውተር ዕቃ የምትሸጠው ሴት ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው። ሱቋ ከኔ ብዙም አይርቅም፤ በዓይን እንተዋወቃለን። የያዝኩትን ባንኮኒዋ ላይ አስቀመጥኩ።

"ይቺን የመሰለች ስጪኝ።"

"የሚገባበት ቦርድ ምን ዓይነት ነው፣ ጋሼ?"

"ቦርዱን ምን አደረግሽው? ይቺን የመሰለች ነው ያልኩሽ።"

"ወላሂ፣ የሚገባበትን ሳላውቅ እንዴት ልስጥዎት?"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

ሴትዮዋ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ከለለችው። "እሺ። ሳይሞከር ከዚህ ከወጣ ግን አልመልስም። ከአሁኑ ልንገርዎት።"

"ማን ይመልሳል አለሽ?"

ሰጠችኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ብርሃን ላይ አየኋቸው። ቁመታቸው አንድ ነው። ከሥራቸው ያለችው ቆረጥ ያለች ቦታም እኩል ናት። ፈረንጅ ፊደል አላነብም፣ ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ በዚያኛው ላይ ስምንት አለ፣ በዚህኛውም ስምንት አለ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሱቄ ተመልሼ ልሰካው ስል እምቢ አለ። አገላብጬ ሞከርኩ፣ እምቢ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መሰኪያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች፤ የራሙ ቆረጥ ያለ ቦታ እሷ ላይ መዋል ነበረበት፣ አልዋለም። ስቶ የሄደው የመክፈቻ ጥርስ ያህል ነው። ይቺማ ለኔ ምኗ ናት? ስንቱን እምቢ ያለ ብረት አስገብቻለሁ። ራሙን በጨርቅ ጠቅልዬ ሞርሳ ላይ አሰርኩና ቀጭኑን ሞረድ አነሳሁ። አንዴ ሳብኩ።

"አባዬ!"

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ከሞረዱ ወደ ራሙ፣ ከራሙ ወደ ቦርዱ ሄደ። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

"ጓጉንቸሩ የታለ?" አለችኝ።

"የምን ጓጉንቸር?"

"መክፈቻ ብቻ ይዞ የመጣን ሰው ምን ትለዋለህ አንተ?"

ራሙን ከሞርሳው ፈታሁት።

"አሮጌው ራም የአሮጌው ቦርድ ነው። ቦርዱን ቀይሬዋለሁ እኮ። ራምም ትውልድ አለው፤ ያ ሦስተኛ ነው፣ ይሄ ቦርድ የሚቀበለው አራተኛውን ነው። የሚጠጡት ኤሌክትሪክ አንድ አይደለም። ጉብታዋን ያስቀመጧት ሰው እንዳይሳሳት ብለው ነው። ሞርደህ አስገብተኸው ቢሆን ቦርዱም አብሮ ይቃጠልና ሰኞ መሳለሚያ ነበርኩ።"

ጉብታዋ ለምን እንደተቀመጠች እሷ ሳትነግረኝ ማወቅ ነበረብኝ። ሰው ሁሉ እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ ነገር ስከፍት ነው የኖርኩት። ሞረዱን አስቀመጥኩና ጋቢዬን አወረድኩ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ጓጉንቸሩን ልወስድ።"

ልጄ ቦርዱን ከኬዙ ፈታችልኝ፤ በጋቢው ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቀፍኩት። ቅዳሜ ከሰዓት መርካቶ ውስጥ ሰው ሰውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ተሸካሚዎቹ ከኋላ "ወገድ! ወገድ በሉ!" ሲሉ ልጄ ክርኗን ዘርግታ ከፊቴ መንገድ ትከፍታለች። አንዱ ባለ ጆንያ ጋቢውን አይቶ፣ "ፋዘር፣ ሕፃኑን አየር ይንካው እንጂ!" አለኝ። ጋቢውን ይበልጥ አጠበቅሁት።

ሴትዮዋ ገና ስታየን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ምን አልኩዎት?"

"ሳይሞከር ከወጣ አልመልስም አልሽ።"

"ታዲያ?"

"መልሺልኝ አላልኩም። ለዚህ ቦርድ የሚሆነውን ስጪኝ።"

ልጄ በእግሯ እግሬን ረገጠችኝ። "እትዬ፣ አባቴ ነው፤ ተሳስቶ ነው" አለች።

"ኧረ አውቃቸዋለሁ! ባለፈው ክረምት የዚህን ሱቅ መክፈቻ ይዤ ብሄድ፣ 'ጓጉንቸሩን ፈትተሽ አምጪ' ብለው በዝናብ አልመለሱኝም? ዛሬ ቦርዱ የታለ ብላቸው ደግሞ ተቆጡኝ።" የመለስኩላትን ራም አገላብጣ አየችው። ጠርዙ ላይ ጣቷ ቆመ። "ይሄ ምንድነው?"

"ሞረድ ነው" አልኳት። "አንዴ ስቤዋለሁ።"

ሴትዮዋ ልጄን አየቻት፤ ልጄ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ሴትዮዋ ሳቀች፣ ሻሿ ከራሷ እስኪንሸራተት ሳቀች። ራሙን በራሷ ማሽን ላይ ሰክታ ሞከረችው። ደህና ነው፤ ሞረዱ የበላው ፕላስቲኩን ብቻ ነው።

"እቀይርልዎታለሁ" አለች። "ግን ያን ጊዜ ያልቀረጹልኝን መክፈቻ ይቀርጹልኛል። ጓጉንቸሬንም ከበሬ አልፈታም።"

"ጓጉንቸሩ ካልመጣማ..." ስል እግሬ ድጋሚ ተረገጠ። "እኔ እመጣለሁ ወደሱ" አልኩ።

ሴትዮዋ ቦርዱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ልጄ አዲሱን ራም ተቀብላ መሰኪያው ላይ አስቀመጠችና በሁለት አውራ ጣቷ ተጫነችው። በአንዱ ጫፍ ቀጭ አለ፤ በሌላውም ቀጭ አለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ መክፈቻ ቦታውን ሲያገኝ እንደዚያ ነው የሚለው። ሴትዮዋ ከራሷ ስክሪን ጋር አያይዛ መብራት ሰጠችው። ስክሪኑ ጥቂት ጠቁሮ ቆየና ነጭ ጽሑፍ አወጣ፤ ተነሳ።

ልጄ ስልኳን አውጥታ ከሱቁ ወጣ አለች። የሰው ጩኸት ብዙ ነበር፤ ቢሆንም "ሰኞ አልመጣም" ስትል ሰማሁ። ቦርዱን መልሼ በጋቢው ጠቀለልኩት።

ሰኞ ጠዋት የሴትዮዋ በር ሥር ቁጢጥ ብዬ መክፈቻዋን ለካሁ። ሁለት አደረግሁላት። ወደ ሱቄ ስመለስ ልጄ ለስክሪኗ ቦታ ፈልጋ ሞርሳዬን ወደ በሩ ገፍታዋለች። ትንሽ መለስኩት። እሷም ቀና ሳትል ስክሪኗን በዚያው ልክ ወደ እኔ ገፋችው።