«ማንም የሚያስበው» ሶኬት

ዛሬ ጉርድ ሾላ አንድ የፓተንት አማካሪ ቢሮ ገብቼ «ይሄማ ማንም የሚያስበው ነገር ነው» ተብዬ ወጣሁ።

ይዤ የሄድኩት ራሴ የሠራሁትን ሶኬት ነው። ውስጡ ያለው መዳብ ከኋላው ስፕሪንግ ስላለው ቢያረጅም የተሰካበትን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል።

አማካሪው አገላብጦ እንኳ አላየውም። «ወንድሜ፣ መዳቡም ስፕሪንጉም ድሮ የነበረ ነው። ለባለሙያ ግልጽ የሆነ ነገር ፓተንት አያገኝም፤ ሕጉ ነው» አለኝ።

እሺ፣ ሕግ ነው። ግን ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። የላፕቶፑ ቻርጀር ከሶኬቱ እንዳይወልቅ የታጠፈ ወረቀት ተወትፎበት፣ ከሥሩ ደግሞ በወንበር ተደግፏል።

«ማንም የሚያስበው ከሆነ፣ ታዲያ ይሄ ወንበር እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«እሱ ሌላ ነው» ብሎኝ አረፈው።

ሌላ ነው! ሕንፃ እንደ አሸን በፈላበት ከተማ፣ መስታወት በመስታወት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ቻርጀሩን በወንበር የሚያቆም ሰው፣ ግልጽ ምን እንደሆነ ሊያስተምረኝ!

ልወጣ ስል ደግሞ «ናሙናውን ግን እዚህ ብትተወውስ?» አይለኝ መሰላችሁ!

እስቲ እናንተ ቤት ቻርጀሩ በምን ተደግፎ ነው የሚሠራው? ፎቶ ጣሉልኝ፤ ማንም አስቦ የደረሰበትን እንይለት።