ራይና የምታሽከረክረው ትሪ

ራይናን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የምንኖረው በባልካን ተራራ ግርጌ አንድ መንደር ነው፤ ከንባብ ቤቷ መጽሐፍ መዋስ ከጀመርኩም ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ከ«ደህና ዋልሽ» እና ከ«ይቅርታ፣ ዝናብ ነክቶታል» ያለፈ ብዙ አላወራንም። እዚህ የማሰፍረው ያየሁትንና መንደሩ የሚያወራውን ብቻ ነው።

የንባብ ቤታችን በቤተ ክርስቲያኑና በመጠጥ ቤቱ መሃል ነው። በአንዱ ክፍል መጻሕፍቱ፣ በሌላው ምድጃውና መድረኩ አሉ። የጭፈራ ቡድኑ የሚለማመደው፣ አሮጊቶቹ የሚዘፍኑት፣ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ተረት የሚሰሙት እዚያው ነው። ደመወዝተኛዋ ራይና ብቻ ናት። ሌላው ሥራ ሁሉ በዕጣ ነው የሚሠራው።

በአዲስ ዓመት ዋዜማ በየቤቱ ባኒትሳ ይጋገራል፤ በስሱ በተዳመጠ ሊጥ መሃል አይብ ተነባብሮ፣ በየቁራጩ ውስጥ ዕድል የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ተጠቅልላ። ትሪው ይሽከረከራል፤ ሲቆም ፊትህ የመጣው ቁራጭ ያንተ ነው። በሌላው ቤት «ፍቅር»፣ «መንገድ»፣ «አዲስ ቤት» ይወጣል። ራይና ለንባብ ቤቱ በምትጋግረው ውስጥ ግን ከእነዚህ ጋር «ዘንድሮ መድረኩን ትጠግናለህ»፣ «ለጭፈራ ቡድኑ ሻይ ታፈያለሽ» የሚል ይገኛል። እኛ ዘንድ ከባኒትሳ የወጣ ዕድል እምቢ አይባልም፤ እምቢ ያለ ዓመቱን ሙሉ ጥርሱን ያመዋል።

ከንቲባችን ዶብሪን በየዓመቱ «የምድጃውን እንጨት ታመጣለህ» የሚለው ይደርሰዋል። አንዴ በር አጠገብ ተቀመጠ፤ እንጨት። ሌላ ጊዜ ሚስቱን በቦታው አስቀምጦ እሱ ጥግ ተወሸቀ፤ እንጨት።

ዓምና ግን ራይና ጭንቀት ገብቷት ነበር። የቅዳሜውን ተረት የምታነበው እሷው ራሷ ነበረች፤ ጉሮሮዋን ታመመችና ሐኪሙ ድምፅ አውጥታ እንዳታነብ ከለከላት። ከዚያ ወዲህ የምታወራው በሹክሹክታ ነው። «ዕድሜሽን ሙሉ ሰዉን ዝም በሉ ስትይ ኖረሽ፣ ይኸው ተራሽ ደረሰ» እያሉ ይቀልዱባታል፤ አብራ ትስቃለች። ቅዳሜ ሲመጣ ግን አትስቅም። ልጆቹ ይመጣሉ፣ ሥዕል ያገላብጣሉ፣ ይሄዳሉ። በኋላ መምጣቱንም ተዉት። «ቅዳሜ ከቀረማ ሥራዬ አቧራ መጥረግ ብቻ ሊሆን ነው» ስትል ሰምቻታለሁ።

የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ራይና ትሪውን አሽከረከረችው፤ ቆመ። ለእኔ «ጤና» ደረሰኝ፤ ተመስገን ብዬ ጎረስኩ። ከንቲባው ወረቀቷን ሳያነባት ኪሱ ከተታት።

«ምን ወጣልህ?» አሉት።

«መጥረቢያውን ስዬው ነው የመጣሁት።»

በከንቲባው ላይ ሲስቅ የነበረው ጌንቾ የራሱን ወረቀት ገልጦ አፈጠጠበት። ጌንቾ ወደ ትርኖቮ ከተማ የሚመላለሰውን ሚኒባስ የሚነዳ፣ አንገቱ ግንድ የሚያክል ሰው ነው። ሚስቱ ፔና ወረቀቷን ከእጁ ነጥቃ አነበበቻት፦ «ዘንድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ተረት ታነባለህ።»

ሰዉ አውካካ።

«እኔ ለመንጃ ፈቃድ ካጠናሁ ወዲህ መጽሐፍ ገልጬ አላውቅም» አለ ጌንቾ። «ፔና፣ ያንቺ ምን ይላል?»

«'ፍቅር' ይላል። ከማን ጋር እንደሆነ አልጻፈም። አልቀይርህም።»

«ጋሽ ጌንቾ፣ ጥርስህን አስብ» አለ ከንቲባው።

ራይና ጠረጴዛውን እየወለወለች ነበር። ቀና አላለችም፤ ጨርቁን ግን ጨምድዳ ይዛዋለች። ጌንቾ ራኪያ አረቄውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና «የቱን መጽሐፍ?» አለ። ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

የሰጠችው መጽሐፍ፣ ቀበቶው ጠፍቶበት መንደር ለመንደር ስለሚፈልግ ድብ የሚተርክ ነበር። ጌንቾ ልጆቹ ፊት እንዳያፍር መለማመድ ጀመረ። ጊዜ የሚያገኘው መሪ ላይ ብቻ ስለሆነ ፔናን አጠገቡ አስቀመጣት፤ እሷ ታነባለች፣ እሱ ድቡን በወፍራም፣ ቀበሮዋን በቀጭን ድምፅ ይደግማል። ተሳፋሪው ታዲያ ታሪኩ ሳያልቅ ይወርዳል። ዳቦ ጋጋሪው ድልድዩ ጋ ሲወርድ ድቡ ገና ቀበሮዋን እየጠየቀ ነበር። ነርሷ ወፍጮው ጋ ስትወርድ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ቀበቶ ታይቷል፤ የማን እንደሆነ አልታወቀም።

«ጨርስልንና እንውረድ» ይሉታል።

«ቅዳሜ» ይላል ጌንቾ። «ሰዓቴን አላበላሽም።»

ቅዳሜ ደረሰ። ራይና ምድጃውን አቀጣጥላ፣ ጥቂት ወንበር ደርድራ በር በሩን ታያለች። መጀመሪያ ጌንቾ መጣ፤ የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ። «ሰው የለም አይደል?» አለ፣ ደስ እያለው። ወዲያው ነርሷ ልጆቿን ይዛ ገባች። ዳቦ ጋጋሪው ልጅ የለውም፤ የወንድሙን ልጅ ተውሶ መጣ። ከዚያ የሚኒባሱ ተሳፋሪ ሁሉ ከነልጁ ተግተለተለ። ወንበር አለቀ፤ ከንቲባው ራሱ ባመጣው ግንድ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ላይ ቃላቱ ጌንቾን እንደ ኮረኮንች መንገድ አንገጫገጩት፤ ቆይቶ ማርሽ ቀየረ። ገጽ በገለጠ ቁጥር «ወራጅ አለ?» ይላል። «የለም» ይላሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ። ቀበቶው እዚያው ድቡ ሆድ ላይ፣ ከጠጉሩ ሥር ሲገኝ ዳቦ ጋጋሪው ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ራይናም ያለ ድምፅ ትስቅ ነበር፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ሰዉ ሲወጣ ወንበር ላነሳሳላት ቀረሁ። ለመጠየቅ ስፈራ የከረምኩትን እንደምንም አወጣሁት።

«ራይና፣ ትሪው ጌንቾ ፊት የቆመው በዕጣ ነው፣ ወይስ አንቺ ታውቂበታለሽ?»

የያዘችውን ወንበር አስቀመጠች።

«ይሄንን አልመልስልህም» አለች በሹክሹክታ። «ይልቅ ለመጪው ዋዜማ የት ልትቀመጥ አስበሃል?»