ከአይሱዙዬ የወረደችው ጋዜጠኛ

ይህ ጉዳይ እኔን ያስወጣኝ የአንድ ምሳ ሂሳብና አንድ ፊርማ ነው። በነጋዴ ዓይን ሲታይ ርካሽ ነው።

ልጅቷን ያገኘኋት ሚዛን ተፈሪ፣ መናኸሪያው በር ላይ ነው። የቴፒ መኪና አምልጧት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ጫንኳት። የማሻ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ተምራ አንድ ጋዜጣ ለሙከራ ቀጥሯታል። ስለ ቡና የረባ ነገር ይዛ ካልተመለሰች እንደማያስቀሯት ገና በወጉ ሳንደላደል ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለነጋዴ አይነገርም። ያኔውኑ ልመክራት ይገባኝ ነበር።

«እና ምን ልትጽፊ ነው?» አልኳት።

«ገበሬው ቡናውን መንደሩ ሲያስመዝንና እናንተ ጋ ሲያስመዝን ለምን እንደሚለያይ።»

«መንደሩ ደግሞ ሚዛን ከየት መጣ?»

«ወፍጮ ቤት አለ አይደል ጋሼ? እዚያ አስመዝኖ ነው የሚመጣው።»

ሳቅኩ። ነገር የገባት ልጅ ናት። ሸኮን እስክናልፍ ዝናቡ አላባራም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የምንሄደው በቀስታ ነው፣ ጎኔ ደግሞ የሚያዳምጠኝ ሰው አለ። አፌን ከፈትኩት። ለጆንያው እያልን ከእያንዳንዱ ሚዛን ላይ እንደምንቀንስ፣ የምንቀንሰው ግን ጆንያው ከሚመዝነው እጥፍ እንደሆነ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ «ጆንያህ ረጥቧል» ብለን እንደምንጨምርበት ነገርኳት።

«እርስዎም ያደርጉታል ጋሼ?»

«እኔማ ይህን መኪና የገዛሁት በጸሎት ነው።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቴፒ ስንደርስ ምሳ ጋበዝኳት። «ስሜ እንዳይነሳ» አልኳት። «እናቴ ትሙት» አለች።

ጽሑፉ ወጣ። ስሜ የለበትም። የቀረው ሁሉ ግን ከአፌ እንደወጣ ነው፤ «ጆንያህ ረጥቧል» የምትለዋ እንኳ አልቀረችም። የቡና ነጋዴዎች ተሰበሰብን። ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ ነው። ከአይሱዙዬ ስትወርድ ያላያት ቴፒ ውስጥ ማን አለ?

«ይቺ ልጅ የማን እንግዳ ነበረች?» አሉ ከጅማ የመጡ አንድ አንጋፋ ነጋዴ።

«ሊፍት ነው የሰጠኋት ሀጂ፣ መኪና አምልጧት።»

«ከሊፍቱ ጋር ምን መረቅክላት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ላቡ በጀርባዬ እየወረደ። ጽሑፉ ሐሰት ነው፣ ማንም ነጋዴ እንዲህ አላለም የሚል ደብዳቤ ለጋዜጣው ተጻፈ። እስክሪብቶውን ከሁሉም ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እንደዚያን ቀን አሳምሬ ፈርሜ አላውቅም።

ትንሽ ቆይታ ደወለች።

«ጋሼ፣ አለቃዬ ማን እንደነገረኝ ካላወቀ ሊያባርረኝ ነው። ስምዎን አልሰጠሁም፣ አልሰጥምም። እርስዎ ራስዎ ለእሱ ብቻ ደውለው ቢነግሩልኝ...»

«ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ።

«ይሰማል ጋሼ?»

«ኔትዎርኩ ነው... ሃሎ?»

እንደዚያን ቀን ጥርት ያለ ኔትዎርክ ቴፒ ኖሮ አያውቅም። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «እሺ ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ» አለችኝ፤ እየሰማሁ እንደሆነ አውቃለች ማለት ነው። ዘጋሁት። መልሼ አልደወልኩም፤ እሷም።

ከዓመታት በኋላ የንግድ ፈቃዴን ላሳድስ ማሻ ሄጄ ንግድ ቢሮው የነባሩን ኮፒ ጠየቀኝ። ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ማሽኑ ጋ የቆመችው እሷ ናት። ፈቃዱን ተቀበለችኝ፤ ስሜን አነበበችው፤ ቀና ብላ አየችኝ። ተሳደቢ እያልኩ በሆዴ ለመንኳት።

«ስንት ኮፒ ይሁን፣ ጌታዬ?» አለች።

ጋሼ አላለችኝም።

የእኔ ፈቃድ ታድሷል። አይሱዙዎቼ ሁለት ሆነዋል። ለጆንያው ዛሬም ይቀነሳል። እሷ ጋዜጠኛ አይደለችም።